የኅዳር ጢስና የቀባሪ ነገር

አዲስ አበባ በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን ትታጠናለች። በሚካኤል ዕለት ሰፈርተኛው ግቢውንና ደጁን ይጠርጋል፤ ቅጠላ ቅጠሉን፣ ገለባውን፣ ያረጀውን ጨርቅና ጫማ ሳይቀር በየበሩ ከምሮ እሳት ይለኩስበታል። ጢሱ ከየሰፈሩ ተነሥቶ ሲገናኝ ከተማዪቱ ደመና የወረደባት ትመስላለች። «ኅዳር ሲታጠን» የምንለው ይህ ነው። ለምን እንደሚታጠን የተጠየቀ ሰው አብዛኛውን ጊዜ «ከጥንት የመጣ ነው» ብሎ ያልፋል። ጥንት የተባለው ዘመን ግን ያን ያህል ሩቅ አይደለም፤ አያቶቻችን በዓይናቸው ያዩት ነው።

ነገሩ የሚያያዘው ከ1911 ዓ.ም. ጋር ነው። በዚያ ዓመት ኅዳር 2 ቀን የአንደኛው የዓለም ጦርነት ተኩስ ቆመ። ዓለም ግን አላረፈችም፤ ከጦር መሣሪያው ይልቅ ብዙ ሰው የፈጀ የጉንፋን ወረርሽኝ በየአገሩ ይዞር ነበር። አውሮፓውያን «የእስፓኝ ጉንፋን» አሉት። በሽታው ከእስፓኝ ስለተነሣ አይደለም፤ እስፓኝ ከጦርነቱ ውጪ ስለነበረች ጋዜጦቿ ያለ ሳንሱር የጻፉት በመሆኑ ነው። በዓለም ዙሪያ ቢያንስ 50 ሚሊዮን ሰው እንደጨረሰ ይገመታል። ወደ እኛ በጂቡቲ በኩል የባቡሩን መስመር ተከትሎ ሳይገባ አልቀረም፤ ባቡሩ አዲስ አበባ ከደረሰ ገና ሁለት ዓመት አልሞላውም ነበር። በነሐሴ ቀለል ብሎ ታይቶ የነበረው በሽታ በኅዳር ክንዱን አበረታ። ሕዝቡም ስሙን ከወሩ ወስዶ «የኅዳር በሽታ» አለው።

አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ራሳቸው ታመው ለጥቂት ተርፈዋል፤ ይህንንም «ሕይወቴና የኢትዮጵያ እርምጃ» በተባለው መጽሐፋቸው አንሥተውታል። ብላታ መርስዔ ኀዘን ወልደ ቂርቆስም በዘመኑ ያዩትን በትዝታ መጽሐፋቸው ትተውልናል። የሟቾቹ ቁጥር በትክክል ባይቆጠርም በአዲስ አበባ ብቻ 10 ሺህ ያህል ሰው እንደሞተ ይነገራል። ሐኪም እንደ ዛሬው በየሰፈሩ አይገኝም፤ ከነበሩት ጥቂቶችም መካከል የታመሙና የሞቱ ነበሩ።

እዚህ ላይ አንባቢ አንድ ነገር ልብ እንዲልልኝ እፈልጋለሁ። እኔ ስለ ኅዳር በሽታ መጀመሪያ የሰማሁት ከመጽሐፍ ሳይሆን ከሽማግሌዎች አፍ ነው፤ እነርሱም ከወላጆቻቸው የሰሙትን ነው የሚያወሩት። ታዲያ ከነገሩኝ ሁሉ አንድም ሰው ቁጥር አልጠራልኝም። ስለ ትኩሳቱና ስለ ሳሉም ብዙ አላወሩም። ሁሉም የሚጀምሩት ከአንድ ቦታ ነው፤ «ቀባሪ ጠፋ» ከሚለው። አንዱን ቀብሮ የተመለሰ ሰው ማታውን ራሱ ሬሳ ሆነ። ከአንድ ቤት ባልና ሚስት ሞተው በሩ እንደተዘጋ ሰነበተ። በአንድ ጉድጓድ ብዙ ሰው ያለ ፍታት ተቀበረ። ጅብ ከደጅ እስከ ጓዳ ገባ። የሚያወሩት ይህን ነው። ከሞቱ ይልቅ በአእምሯቸው የቀረው ሟች ብቻውን መቅረቱ ነው።

በአማርኛችን «ቀባሪ አያሳጣህ» ምርቃት ነው፤ «ቀባሪ ያሳጣህ» ደግሞ ከእርግማን ሁሉ የከፋ ነው። ድኻ ከዕለት ጉርሱ ቀንሶ ለእድር የሚከፍለው ለሚበላበት ቀን ሳይሆን ለሚቀበርበት ቀን ነው። እንግዲህ በወረርሽኝ ዘመን የሚወጣ ሕግ ከእኛ ሰው ጋር የሚጋጨው በዚህ ቦታ ነው የሚል እምነት አለኝ። «ሕዝቡ አይሰማም፤ አያውቅም» የሚለው ቃል ለተናጋሪው ይቀለዋል። እኔ እንዳየሁት ግን ሰው በሽታውን ሳይፈራ ቀርቶ አልነበረም። ከበሽታው የበለጠ የሚፈራው ሌላ ነገር ስለነበረው ነው።

ይህን ለማየት ወደ 2012 ዓ.ም. እንምጣ። በአገራችን የመጀመሪያው የኮሮና ሕመምተኛ መገኘቱ የተነገረው መጋቢት 4 ቀን ነው። በሦስተኛው ቀን ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ ትልልቅ ስብሰባዎችም ተከለከሉ። መጋቢት 27 ቀን የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሟቾች ተነገሩ፤ መጋቢት 30 ቀን ደግሞ ለአምስት ወር የሚቆይ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ክልክል ሆነ። እጅ መጨባበጥ ክልክል ሆነ። ያለ ጭምብል ሕዝብ ካለበት ቦታ መገኘት ክልክል ሆነ። ታክሲው በግማሽ ሰው እንዲጭንና ታሪፉ በእጥፍ እንዲሆን ተደረገ። ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብልና ሎሚ በአንድ ጊዜ ዋጋቸው ሰማይ ነካ።

የሰዉ አቀባበል ለሁሉም ሕግ አንድ ዓይነት አልነበረም። እጅ መታጠብን ተመልከቱ። በጥቂት ቀናት ውስጥ በየባንኩና በየሱቁ በር ሮቶና ሳሙና ተደረደረ። የሰፈር ወጣቶች ማንም ሳያዝዛቸው ጄሪካን ይዘው በየታክሲ ተራው የመንገደኛ እጅ ያስታጥቡ ጀመር። እኔም ከእነዚህ ልጆች በአንዱ እጅ ስታጠብ «ጋሼ፣ እስከ ክንድዎ ይጠቡት» ብሎ አስቆሞኛል። ማስታጠብ በቤታችን የቆየ ወግ ነው፤ ልጅ ማስታጠቢያ ይዞ እንግዳ ፊት ጎንበስ ሲል ያደገበት ነው። ሕጉ ሲመጣ ወንበሩ ተዘጋጅቶ ጠበቀው።

መጨባበጥና መሳም ሲከለከል ግን ሌላ ነገር ሆነ። መጀመሪያ ክርናችንን አጋጨን፤ ቀጥሎ በጫማ ተነካካን፤ እየሳቅንም ቢሆን ሰላምታ የሚመስል ነገር ፈለግን። ወር ሳይሞላ ግን ዘመድ ከዘመዱ ሲገናኝ «ኧረ ምን አባቱ» ብሎ ተቃቀፈ። ጭምብሉም ፖሊስ ሲታይ ወደ አፍንጫ ይወጣል፤ ፖሊስ ሲያልፍ ወደ አገጭ ይወርዳል። መስጠት የሆነውን ሕግ ሰው ወደደው። መንሣት የሆነው ግን ከበደው።

ከሁሉም የከበደው የለቅሶው ነገር ነበር። በዚያው ሚያዝያ በእኛ ሰፈር አንዲት እናት ዐረፉ። የሞቱት በቆየ የስኳር ሕመም እንጂ በኮሮና አልነበረም። ድንኳን አይተከልም፤ ሰውም አይሰበሰብም ተባለ። የእድሩ ዳኛ ይህን ሊነግሩት ሲሄዱ ልጃቸው የመለሰላቸውን እዚያው ቆሜ ሰምቻለሁ። «ጋሼ፣ እናቴ አርባ ዓመት የማንም ቀብር ቀርታ አታውቅም። ዛሬ እርሷን አራት ሰው ይቅበራት ትሉኛላችሁ?» ዳኛው አንገታቸውን ደፍተው ቆዩ። ሕጉ ልክ መሆኑን ያውቃሉ፤ ልጁም ልክ መሆኑን ያውቃሉ። በመጨረሻ ያገኙት መላ ይህ ነው፦ ከቀብሩ በኋላ ሰፈርተኛው አራት አራት እየሆነ፣ ጭምብሉን አድርጎ፣ ከግቢው በር ውጭ ቆሞ «ነፍስ ይማር» ብሎ ይለፍ፤ ሳይቀመጥ፣ ሳይበላ። የእድሩ ገንዘብ በዕለቱ ይሰጥ። ንፍሮና እንጀራ ይዘው የሚመጡ ሴቶች መሶቡን ከደጅ አስቀምጠው ይመለሱ። ከረፋዱ እስከ ማታ ያ ሰልፍ አልተቋረጠም። ማንም ከተመደበለት ቁጥር አላለፈም። ያን ዕለት ጭምብሉን ከአገጩ ላይ የተወ ሰው አላየሁም።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ። ያው ሰው፣ ያው ሰፈር፣ ያው ሕግ ነው። በታክሲ ውስጥ ያላከበረው ሕግ በለቅሶው በር ላይ የተከበረው ዳኛው ለሟቿ ቀባሪ፣ ለልጇም አጽናኝ የሚሆን ቦታ ስላበጁለት ይመስለኛል። ሕጉን አላጠፉትም፤ ሰው በሚኖርበት ወግ ውስጥ ቦታ ፈለጉለት እንጂ።

ይህ የእኛ ጠባይ ብቻ ነው እንዳይባል ከ1911 ዓ.ም. አንድ የባሕር ማዶ ነገር ላንሣ። በአሜሪካ በሳን ፍራንሲስኮ ከተማ በዚያው ወረርሽኝ ጊዜ ሁሉም ሰው ጭምብል እንዲያደርግ ታዝዞ፣ ያላደረገ ይታሰርና ይቀጣ ነበር። በሽታው ጋብ ሲል ትእዛዙ የተነሣው በእነርሱ አቆጣጠር ኖቬምበር 21 ቀን 1918 ነው፤ በእኛ ኅዳር 12 ቀን 1911 መሆኑ ነው። እኩለ ቀን ላይ ፊሽካ ሲነፋ ሕዝቡ ጭምብሉን እየገፈፈ በየመንገዱ ጣለ። በጥር በሽታው አገርሽቶ ትእዛዙ ሲመለስ ግን «የፀረ ጭምብል ማኅበር» አቋቁመው ተቃወሙ። ሀብትም ትምህርትም ያለው ከተማ ነበር። ሐኪም የሚለውን በጋዜጣ የሚያነብ ሕዝብም እንዲሁ ይሰለቻል፤ እንዲሁ ያጉረመርማል። እነርሱ ጭምብሉን ጥለው ሲጨርሱ ከዚያ ዘመን የቀራቸው በዓል የለም። እኛ ጋ ግን ጢሱ ቀረ።

ስለ ጢሱ አጀማመር ሁለት ዓይነት ወሬ አለ። አንደኛው ከተማዪቱ ከበሽታው በኋላ እንድትጸዳ ቆሻሻው ሁሉ እንዲቃጠል ተደርጎ ነው ይላል። ሁለተኛው ዕጣንና ጸሎት ነው፤ የሚካኤል ቀን ስለሆነ መቅሠፍቱ እንዲርቅ የታጠነ ነው ይላል። እኔ ሁለቱን ለማጣላት አልሻም። በዚያን ዘመን ሐኪሞችም ቢሆኑ የበሽታውን ምንጭ አያውቁትም ነበር፤ የጉንፋኑ ቫይረስ ከሰው ተለይቶ የታወቀው ከ14 ዓመት በኋላ ነው። ጢስ ቫይረሱን አይገድልም። ነገር ግን ቀባሪ ባጣችው ከተማ ውስጥ በሕይወት የተረፈ ሁሉ በአንድ ቀን ከቤቱ ወጥቶ፣ ከጎረቤቱ ጋር ደጁን ጠርጎ፣ ጢሱ ከጢሱ ጋር ሲገናኝ ማየቱ ምን ያህል እንዳጽናናው መገመት አያቅትም። ያ ትእዛዝ ከመቶ ዓመት በላይ የኖረው ቅጣት ስለነበረው አይደለም፤ ሰፈር በአንድነት የሚያደርገው ስለሆነ ነው።

ይሁንና ወግ ሆኖ መኖር የራሱ አደጋ አለው። ወግ ምክንያቱን ይረሳል። ዛሬ የምናጥነው ገለባና ቅጠል ብቻ አይደለም፤ ፌስታሉ፣ የውኃ ጠርሙሱና የመኪና ጎማው አብሮ ይነዳል። ለሳንባ በሽታ መታሰቢያ ሆኖ የኖረው ቀን አስም ያለበትን ልጅ ቤት ዘግቶ የሚያስል ቀን ሆኗል። ቆሻሻው በማቃጠል ፈንታ ተሰብስቦ እንዲወገድ የሚመክሩ ድምፆች ከተሰሙ ቆይተዋል፤ ሰሚያቸው ግን ጥቂት ነው። «አታቃጥሉ» የሚለው ቃልም ያው የመንሣት ሕግ ነውና አይገርመኝም። «ጥረጉ፣ ሰብስቡ፣ አብራችሁ ውጡ» የሚለው ቢቀድም፣ ከየቤቱ ደጅ የተሰበሰበውንም የሚወስድ መኪና በዕለቱ ቢመጣ፣ የኅዳር 12 ቀን ልማድ ሳይሞት ጢሱ ሊቀንስ የሚችል ይመስለኛል።

ኮሮና በአገራችን በይፋ የተመዘገቡ ከ7 ሺህ 500 በላይ ሰዎችን ወስዷል። የዓለም ጤና ድርጅት የዓለም አቀፍ የአስቸኳይ ጊዜውን ማብቂያ በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. አሳውቋል። ሮቶዎቹ ከየበሩ ተነሥተዋል፤ ጭምብሉም ከየኪሱ ጠፍቷል። ሌላ ወረርሽኝ አይመጣም የሚል ሰው ግን የለም። ያን ጊዜ ሕግ የሚያወጡት ሰዎች ከመጻፋቸው በፊት አንድ የእድር ዳኛ ጠርተው «ይህን ለሰፈርዎ ሰው እንዴት ይነግሩታል?» ብለው ቢጠይቁ ደስ ይለኛል።