የወሊማ ጥሪ፡ የጠሪና የተጠሪ አደብ

ለኒካህ ወሊማ ወይም ለዐቂቃ ሰው የጠራ ቤተሰብ ቀኑ ሲቃረብ አንድ ጥያቄ ያስጨንቀዋል፤ ስንት ሰው ይመጣል? ደውሎ ቢጠይቅ እንግዳውን ያስቀየመ ይመስለዋል። ዝም ቢል ደግሞ ምግቡ ያንሳል፤ አለዚያም ተርፎ ይደፋል። በዚህ ጽሑፍ ጠሪም ተጠሪም ሊጠብቁት የሚገባውን አደብ በአጭሩ እንመለከታለን።

መልስ መጠየቅ ነውር ነውን?

አይደለም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ወደ ወሊማ የተጠራ ሰው እንዲሄድ ማዘዛቸውን ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበዋል። ከዚህ በመነሳት አብዛኞቹ ዑለማዎች ዑዝር ከሌለ በስተቀር በሰርግ ወሊማ መገኘት ዋጂብ ነው ብለዋል። በሙስሊም ዘገባ መሠረት ጾመኛም ቢሆን ጥሪውን አክብሮ ዱዓ ያደርጋል። ስለዚህ መልስ የሚጠይቅ ጠሪ የጠየቀው ሐቁን ነው።

ጠሪው ሲከታተል

1. በጊዜ ይጠይቅ። በሬው ከመገዛቱና ለወጥ ሠሪዎች ቁጥር ከመነገሩ በፊት መሆን አለበት። ቁርኣን ማባከንን አጥብቆ ከልክሏል (አል-ኢስራእ 26-27)።

2. ምክንያቱን ይናገር። «ለምግቡ ቁጥር ፈልገን ነው፤ ይመቻችኋል?» ማለት «ትመጣላችሁ ወይስ ትቀራላችሁ?» ከማለት ይለሰልሳል።

3. አያጨናንቅ። የሰው ቤት ለመግባት ፈቃድ የሚጠየቀው እስከ 3 ጊዜ ነው፤ ካልተፈቀደ መመለስ ነው። ሐዲሱ የተነገረው ስለ በር ቢሆንም ለስልክም ትምህርት እንወስድበታለን። «አልችልም» ያለን ሰው «ለምን?» ብሎ መመርመርም አይገባም።

4. ሰው አይለይ። ሀብታም ተጠርቶ ድሃ የሚተውበት የወሊማ ምግብ ከምግቦች ሁሉ የከፋ መሆኑ በሐዲስ ተነግሯል። ባለ መኪናው ሦስቴ ተደውሎለት ጎረቤት ያሉት አሮጊት በካርድ ብቻ ከታለፉ ጥሪው ጎድሏል። ቴሌግራም ለማይጠቀሙ ትልልቅ ሰዎች ልጅ መላክ ወይም በአካል መሄድ ይገባል።

ተጠሪው ሲመልስ

«ኢንሻአላህ» የቁርኣን ትምህርት ነው (አል-ከህፍ 23-24)። ነገር ግን ላለመምጣት የወሰነ ሰው የእምቢታ መሸፈኛ ሊያደርገው አይገባም። እኛ ዘንድ ይህ በብዛት የሚታይ ጥፋት ነው። የማይችል «አላህ ይባርክላችሁ፤ አይመቸኝም» ይበል። መልእክቱን አንብቦ ዝም ማለት መልስ አይደለም። «እመጣለሁ» ብሎ ነገር የተለወጠበትም ወዲያው ያሳውቅ።

ያልተጠራ ሰው ይዞ መሄድን በተመለከተ የአቡ ሹዐይብ ታሪክ ይበቃናል። ይህ የአንሷር ሰው ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) ጨምሮ 5 ሰው ጠራ። በመንገድ አንድ ሰው ተከተላቸው። እሳቸውም በሩ ላይ ሲደርሱ ጠሪውን አስፈቀዱት፤ ካልፈለገ ሰውየው እንደሚመለስ ነገሩት። እርሱም ፈቀደ። እሳቸው ካስፈቀዱ እኛ ልጆችና ጓደኞች አስከትለን ስንሄድ አስቀድመን መናገር አይከብደንም።

ከዝግጅቱ በኋላ

በቀረው እንግዳ ላይ መጥፎ ጥርጣሬ ማሳደር አይገባም። ታሞ ወይም ሐዘን ገጥሞት ሊሆን ይችላል። ደውለን «ደህና ነህ ወይ?» እንበል። ስለ ስጦታም ሆነ ስለወጣው ወጪ አናንሳ። ወሊማ የሚደገሰው ደስታን ለመካፈል እንጂ ቂም ለመቁጠር አይደለም።

ወላሁ አዕለም።