በአራዳ ቀን መቁጠር ከቤት ይጀመር እንደ ነበር

ዘመናዊ ትምህርት ቤትና የታተመ የቀን መቁጠሪያ በአዲስ አበባ ከመስፋፋታቸው አስቀድሞ፣ በአራዳ የክርስቲያን ቤተሰብ ልጅ የቀን አቆጣጠርን የሚማረው ከወላጆቹ አንደበት ነበር። የትምህርቱ መሠረት ወርኃዊ በዓላት ናቸው፤ 12 ሚካኤል፣ 19 ገብርኤል፣ 21 ማርያም፣ 23 ጊዮርጊስ፣ 27 መድኃኔ ዓለም። «ዛሬ ማን ነው?» ተብሎ የተጠየቀ ሕፃን የበዓሉን ስም ሲጠራ ዕለቱን መቁጠሩ ነበር። ለአራዳ ልጅ 23ን የሚያስታውሰው ደብሩ ራሱ ነው።

የዚህ ልማድ ጥቅም ይበልጥ የሚታየው ሁለት አቆጣጠሮች በአንድ ቤት ሲገናኙ ነው። ሐውልታቸው በአራዳ ጊዮርጊስ አጠገብ የቆመው ዳግማዊ ምኒልክ በዓድዋ ድል ያደረጉት የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም.፣ በጊዮርጊስ ዕለት ነበር። ይህ ቀን በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ማርች 1 ቀን 1896 ሲሆን፣ ዛሬ ግን የካቲት 23 የሚውለው ማርች 2 ነው። ምክንያቱም የጎርጎርዮስ አቆጣጠር በ1900 ፌብሩዋሪን 29 ሳያደርግ ሲያልፍ፣ የእኛ አቆጣጠር በየአራት ዓመቱ ጳጉሜን 6 ማድረጉን አላቋረጠም።

የውጭውን አቆጣጠር ብቻ የሚያውቅ ልጅ በዓሉ በአንድ ቀን የተዛወረ ይመስለዋል፤ ጊዮርጊስን ከ23 ጋር ያጠና ልጅ ግን በዓሉ ከቦታው አለመነቃነቁን ይረዳል። በመሆኑም ልጁን በቤት የሚያስተምር ወላጅ፣ በግድግዳ የተሰቀለውን ወረቀት ከማስነበቡ በፊት የቤቱን ቆጠራ በቃል ሊያስጠናው ይገባል።