ከፔኒሲሊን እስከ ሴፌፒም፦ አንቲባዮቲክና የጽኑ ሕሙማን አንጎል

ፔኒሲሊን በደም ሥር ሲሰጥ ወደ አንጎል የሚያልፈው ጥቂት በመሆኑ፣ የ1940ዎቹ ሐኪሞች ማጅራት ገትርን ሲያክሙ መድኃኒቱን በቀጥታ ወደ አከርካሪና ወደ አንጎል ፈሳሽ ይወጉት ነበር። ልማዱ ያለውን አደጋ በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ የነበሩት የነርቭ ቀዶ ሐኪሞች ኧርል ዎከርና ኸርበርት ጆንሰን እ.ኤ.አ. በ1945 አሳወቁ፤ ፔኒሲሊን አንጎልን ሲነካ ጡንቻ ይሸመቀቃል፣ ሰውነት ይንዘፈዘፋል። የዘመኑ ፔኒሲሊን በቅጡ ያልጠራ ስለነበር ጥፋቱን በቅሪቱ ማላከክ ይቻል ነበር፤ የተጣራውም ግን ያንኑ አደረገ። መድኃኒቱ የነርቭ ሴሎች ልጓም የሆነውን ጋባ የተባለ ኬሚካል ሥራ ያግዳል። ተመራማሪዎችም በእንስሳት ላይ የሚጥል በሽታን ለማስነሳትና ለማጥናት ፔኒሲሊንን ለአሠርት ዓመታት ተጠቅመውበታል።

ላቦራቶሪው ይህን ያህል ቢያውቅም፣ እውቀቱ ወደ ሕሙማን አልጋ የደረሰው እጅግ ዘግይቶ ነው። በ1952 ኮፐንሃገንን ከመታው የፖሊዮ ወረርሽኝ በኋላ ሐኪሙ ቢዮርን ኢብሰን በ1953 በዚያው ከተማ የጽኑ ሕሙማን ክፍል ከፈተ፤ አሠራሩም በዓለም ተስፋፋ። በእንዲህ ያለ ክፍል የሚተኛ ሕመምተኛ ብዙ ጊዜ በማደንዘዣ ሥር ስለሆነ የሚሰማውን አይናገርም። ቢቃዥ ወይም ቢደነግዝ ጣት የሚቀሰረው በኢንፌክሽኑ ላይ እንጂ በአንቲባዮቲኩ ላይ አይደለም። ኩላሊቱ ከደከመ ደግሞ መድኃኒቱ በደሙ ውስጥ ይጠራቀማል።

ኮሊስቲን የተባለው አንቲባዮቲክ ኩላሊትንና ነርቭን ስለሚጎዳ በ1970ዎቹ ቢተውም፣ መድኃኒት የተላመዱ ባክቴሪያዎች ሲበዙ ወደ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ተመልሷል። በ1980ዎቹ የመጣው ሌላው አንቲባዮቲክ ኢሚፔነም መንዘፍዘፍን በማስከተል ይታወቃል።

ከሁሉ ይበልጥ የሚያሳስበው በአሜሪካ በ1996 የተፈቀደው ሴፌፒም ነው። የሚወገደው በኩላሊት በመሆኑ መጠኑ ካልተቀነሰ አንጎልን ያውካል። ሕመምተኛው ብዙ ጊዜ አይንዘፈዘፍም፤ ዓይኑ ተከፍቶ ሲጠሩት አይመልስም፣ ምናልባት የከንፈሩ ጠርዝ ብቻ ይርገበገባል። በውስጡ የማያቋርጠውን የሚጥል በሽታ የሚያጋልጠው የአንጎልን የኤሌክትሪክ ሞገድ የሚቀርጸው የኢ.ኢ.ጂ. ምርመራ ነው። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በሰኔ 2012 ስለዚሁ ማስጠንቀቂያ አወጣ፤ አብዛኞቹ ተጎጂዎች ኩላሊታቸው ደክሞ ሳለ መጠኑ ያልተስተካከለላቸው ነበሩ።

መድኃኒቱ ሲቆም፣ በጠናበትም ጊዜ ደሙ በዲያሊሲስ ሲጣራ፣ አብዛኛው ሕመምተኛ በጥቂት ቀናት ውስጥ ወደ ራሱ ይመለሳል።