የተቆለፈው ካሜራና የማይታየው ዋይፋይ

ሮቤ ወይም ጎባ ቁጭ ብለን በዊንዶውስ ላፕቶፓችን ውስጥ ሊኑክስ ስንከፍት ኢንተርኔቱ ይሠራል፤ የዋይፋይ ካርዱ ግን ለሊኑክሱ አይታየውም። ብልሽት እንዳይመስላችሁ። ማይክሮሶፍት በ2016 እ.ኤ.አ. ሊኑክስን ወደ ዊንዶውስ ሲያስገባ፣ ጉግልም በ2018 ወደ ክሮምቡክ ሲያመጣው፣ በአጥር ውስጥ ነው ያኖሩት። ካርዱ ከባለቤቱ ሲስተም እጅ አይወጣም፤ ወደ ውስጥ የሚገባው መስመሩ ብቻ ነው፣ ያውም በኬብል የመጣ መስሎ። ክፉ ፕሮግራም ካርዱን እንዳይዝበት ይጠቅማል።

እዚሁ አገራችን ግን ከዚያ የቀደመ ታሪክ አለ። በ2012 እ.ኤ.አ. «ዋን ላፕቶፕ ፐር ቻይልድ» የተባለው ድርጅት ማንበብ ለማያውቁ የወንጪና የወለንጪቲ ልጆች ታብሌት ሰጠ። በሊኑክስ ከርነል ላይ የተሠራ አንድሮይድ ነበር፤ ካሜራው ተዘግቷል። መሥራቹ ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ እንደተናገሩት፣ ልጆቹ በአምስት ወር ውስጥ ከፈቱት።

ስለዚህ ወዳጆች፣ አጥር ይጠብቃል፤ ለተማሪ ግን ቁልፉም ያስፈልገዋል። የዋይፋይን አሠራር ከካርዱ ልንማር ካሻን ሊኑክስን በፍላሽ ይዘን ላፕቶፑን ከዚያ እናስነሳው። ያኔ በመሀል የሚቆም ዘበኛ የለም።