ከኤንትሬ እስከ ቪትዝ
የመኪና ቴፕ መግጠም የለመድኩት በጭነት መኪና ላይ ነው። በዚያን ጊዜ የአሰብን መንገድ የያዘው ፊያት 682 ኤንትሬ ነበር። ያን ሁሉ በረሃ ከነተሳቢው ለሚያቋርጥ ሾፌር ካሴት ጌጥ አልነበረም፤ እንቅልፉን የሚያባርርለት እሱ ነው። ችግሩ መኪናው 24 ቮልት፣ ቴፑ ግን 12 ቮልት መሆኑ ነው። መቀነሻ እንደ ልብ ስለማይገኝ ብዙው ገጣሚ ከሁለቱ ባትሪዎች ከአንዱ ብቻ ሽቦ ይስብ ነበር። ቴፑ ይዘፍናል፤ አንዱ ባትሪ ግን እየደከመ፣ ሌላው ከልክ በላይ እየተሞላ ሁለቱም ያለ ዕድሜያቸው ያልቃሉ። በበረሃ መሐል ባትሪ መጨረስ ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቀው ሾፌሩ ነው።

እኛ ዘንድ ሰው የወደደውን ዘፈን ይዞ መኪና ውስጥ የገባው በካሴት ነው። ሬዲዮማ ቀድሞ ነበር፤ የጋልቪን ወንድማማቾች ሞቶሮላ የተባለውን የመኪና ሬዲዮ አሜሪካ ውስጥ ለገበያ ያወጡት እ.ኤ.አ. በ1930 ነው። አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. ከ1969 ጀምሮ ያሳተማቸው ሸክላዎች ደግሞ ከቤትና ከቡና ቤት አይወጡም፤ በኮረኮንች ላይ መርፌ አይረጋም። ፊሊፕስ እ.ኤ.አ. በ1963 ያስተዋወቀው ካሴት ይህን ፈታው። እኛ ዘንድ ካሴት ሸክላን በተካበት በደርግ ዘመን ሰዓት እላፊው ሰዉን በጊዜ ቤቱ ይሰበስብ ነበር። ማታ ወጥቶ ዘፈን መስማት ስለማይመች ታክሲ ለአዲስ አበባ ሰው ዋና የዘፈን መስሚያ የሆነው ያኔ ነው ብዬ አምናለሁ።

ላዳ ስትመጣ ሥራችን ተለወጠ። ከኋላ መስታወቷ ሥር ያለው ጠፍጣፋ ቦታ ለ6 በ9 ኢንቹ ሞላላ ስፒከር የታሰበ ይመስላል፤ ከሥሩ ያለው የዕቃ መጫኛ ራሱ ሣጥን ሆኖ ባሱን ያወጣዋል። መደርደሪያው ግን ስስ ስለሆነ ድምፁ ከፍ ሲል አብሮ ይንቀጠቀጣል። ስለዚህ እናነሣውና ቅርጹን በጋዜጣ ላይ ወስደን ኮምፔንሳቶ እንቆርጣለን፣ ጠርዙን በስፖንጅ እንከባለን፣ ላዩን ሞኬት እናለብሰዋለን።

ከዚያ ሽቦው ይመጣል። የሁለቱ ስፒከሮች ፕላስና ማይነስ ከተዛነቀ አንዱ ሲገፋ ሌላው ይስባል፤ ባሱ እዚያው ይጠፋፋል። ምልክቱ የለቀቀ ስፒከር ሲያጋጥም ባለ 1.5 ቮልት የባትሪ ድንጋይ ለቅጽበት ማስነካት ነው። ወረቀቱ ወደ ውጭ ከዘለለ የድንጋዩ ፕላስ የነካው ጫፍ የስፒከሩ ፕላስ ነው፤ ወደ ውስጥ ከገባ በተቃራኒው ነው። ይህን ሳያይ የሚገጥመውን ሰው ባለሙያ ብዬ አልጠራውም።

ሰማያዊና ነጩ ሚኒባስ ለኛ ከባዱ ነበር። እንደ ላዳ የተዘጋ የዕቃ መጫኛ ስለሌለው ሣጥኑን ራሳችን ሠርተን ከወንበር ሥር ወይም ከጣሪያው ጥግ እናስራለን። ባለንብረቱ ገንዘብ ለማዳን የቤት ስፒከር ይዞ ሲመጣ መከራ ነው። የቤቱ በአብዛኛው 8 ኦም፣ የመኪናው 4 ኦም ነው፤ ቴፑ ለ8 ኦሙ የሚሰጠው ኃይል ግማሽ ያህሉን ነው። ሾፌሩ አነሰብኝ ብሎ ድምፁን ይጨምራል፣ ድምፁ ይሰነጠቃል፣ ከኋላ የተቀመጡት እናቶች ጆሯቸውን ይይዛሉ።

ኤፍ ኤም አዲስ 97.1 በ1992 ዓ.ም.፣ ሸገር 102.1 ደግሞ በ2000 ዓ.ም. ሲጀምሩ ካሴቱ እየቀረ ሄደ። ከጃፓን የመጣው ቪትዝ ግን ሬዲዮው ለአገሩ ከ76 እስከ 90 ሜጋኸርዝ የተሠራ ስለሆነ ሁለቱንም አይዝም። ከአንቴናው ሽቦ ላይ ባንድ ኤክስፓንደር እናስገባለታለን፤ ጣቢያውን 20 ሜጋኸርዝ ዝቅ የሚያደርገው ከተገጠመ ሸገርን 82.1 ላይ ታገኘዋለህ።

ዛሬ ወጣቱ መኪናውን በዉፈር ሞልቶ መስታወቱን ያርገፈግፋል። አልስማማም። የእኛ ዘፈን ግጥም ነው፤ ሰሙን ሰምተህ ወርቁን የምትፈልገው ቃሉ ጥርት ብሎ ሲደርስህ ነው። ያን የሚያደርሰው በር ላይ በደንብ የታሰረ ስድስት ተኩል ኢንች ስፒከርና ከመስታወቱ አጠገብ የተገጠመ ትንሽ ትዊተር ነው። ደንበኛ ሲመጣ አስቀድሜ የማጫውተው ማሲንቆና የሴት ድምፅ ነው። ግጥሙ ካልተለየኝ ዉፈር ይጨመር ቢለኝም አልሰማውም፤ በሩን እንደገና እፈታለሁ።