ሎፍት፦ ከቆጥ ወደ ወለል

መዝገበ ቃላት ገልጦ «ሎፍት» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል የሚፈልግ ሰው አብዛኛውን ጊዜ «ቆጥ» የሚል መልስ ያገኛል። ቆጥን እናውቀዋለን። ከጣሪያው ሥር በእንጨት የሚረበረብ፣ ዕቃና እህል የሚወጣበት፣ ሲመሽ ዶሮዎች የሚሰፍሩበት፣ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን የጣለችው ሴትዮ ዓይኗን የጣለችበት። ይህን ፍቺ ይዞ የአሜሪካ የቤት ሽያጭ ማስታወቂያ ላይ «ሎፍት ኮንዶ» የሚል ያነበበ፣ ዋጋውም ግማሽ ሚሊዮን ዶላር ሆኖ ያገኘው ሰው «ለዶሮ ማደሪያ በዛ!» ቢል አይፈረድበትም።

ሁለተኛው ቃልም በበኩሉ ያሳስታል። አዲስ አበባ ላሉ እናቱ ደውሎ «ኮንዶሚኒየም ገዛሁ» የሚል ልጅ «ዕጣው ወጣልህ?» ተብሎ ቢጠየቅ ምን ይገርማል? እኛ ዘንድ ኮንዶሚኒየም ማለት ቁጠባ፣ ዕጣ፣ 20/80፣ 40/60 ነው። ቃሉ በመሠረቱ የሚናገረው ግን ስለ ባለቤትነት ነው፤ ስለ ሕንፃው መልክም ሆነ ስለ ገንቢው ምንም አይልም። በ1995 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 370 «የጋራ ሕንፃ ቤት» ሲለው ነገሩን አሳምሮ ገልጾታል፦ ቤቱ የግል፣ ሕንፃው የጋራ። ይሁንና «ኮንዶሚኒየም» ሥር ሰዷል፤ እሱን ለመንቀል አልደክምም። ትርጉም የቸገረው ሎፍት ነው።

ቃሉ ከጥንታዊው የኖርስ ቋንቋ የመጣ ሲሆን ሥሩ «አየር» ማለት ነው፤ የጀርመኑ «ሉፍት» ዘመዱ ነው። ከአየር ወደ ላይኛ ክፍል፣ ከላይኛ ክፍል ወደ ድርቆሽ ማከማቻ ቆጥ ወረደ። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የአሜሪካ ነጋዴዎች የመጋዘንና የወርክሾፕ ሕንፃን የላይኛውን ወለል በሙሉ «ሎፍት» ይሉት ጀመር። ወለሉ በግድግዳ አይከፋፈልም፤ ጣሪያው ከፍ ያለ ነው፤ ሸቀጥና ማሽን እንዲሸከም ተደርጎ ተሠርቷል። የኤሌክትሪክ መብራት ገና ስላልተስፋፋ መስኮቶቹ ግዙፍ ነበሩ። ዛሬ በማስታወቂያ ላይ እንደ ቅንጦት የሚዘረዘረው ሁሉ ያኔ የሥራ ግዴታ ነበር።

ታሪኩ የደራው ኒውዮርክ፣ አሁን ሶሆ በሚባለው ሠፈር ነው። እዚያ የብዙዎቹ ሕንፃዎች ፊት ፋብሪካ ውስጥ በቅርጽ እየፈሰሰ ተሠርቶ፣ ቦታው ላይ የተገጣጠመ ብረት ነው። በብሮድዌይና በብሩም ጎዳናዎች ማዕዘን የቆመው የሃዋውት ሕንፃ በ1857 እንደ ፈረንጆቹ (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ የእነሱ ናቸው) የኤሊሻ ኦቲስን የሰው ማመላለሻ ሊፍት አስገብቷል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ግን ፋብሪካዎቹ ወደ ሰፋፊና ፎቅ የሌላቸው ሕንፃዎች ወጡ። ሠፈሩ ጭር አለ፤ እሳት ስለበዛበትም «የሲኦል መቶ ኤከር» የሚል ስም ወጣለት። ኪራዩ ሲረክስ ሠዓሊዎችና ቀራጮች ገቡ። ትልቅ ሸራ ለሚወጥር ሰው ከዚያ የተሻለ ቦታ ከየት ይገኛል? ችግሩ ሠፈሩ ለማምረቻ የተከለለ በመሆኑ መኖር ክልክል ነበር። በ1961 ከተማዋ ግማሽ መንገድ መጣች፦ ነዋሪው ኤ.አይ.አር. («ነዋሪ አርቲስት» ለማለት) የሚሉ ፊደላትንና ስንተኛ ወለል ላይ እንዳለ የሚገልጽ ምልክት በር ላይ ይለጥፍ፣ ቃጠሎ ቢነሣ የእሳት አደጋ ሠራተኞች ሰው መኖሩን ይወቁ። በ1967 አርቲስቱ ጆርጅ ማቹናስ ዉስተር ጎዳና ቁጥር 80 ላይ የአርቲስቶች የኅብረት ሥራ ቤት መሠረተ። በሠፈሩ መሐል ሊያልፍ የታቀደው ፈጣን መንገድ ተሰረዘ፤ በ1971 አርቲስቶች በሕግ እንዲኖሩ ተፈቀደ፤ በ1973 ሠፈሩ የታሪክ ቅርስ ተባለ። ገንዘብ ያላቸውም ተከተሉ። ሶሺዮሎጂስቷ ሻሮን ዙኪን በ1982 ባሳተመችው «ሎፍት ሊቪንግ» ይህንኑ መርምራለች፤ የድህነት መላ የነበረው እንዴት የሀብታም ምርጫ እንደሆነ።

ሶሆ ውስጥ ብዙው የኅብረት ቤት ነው፤ ገዢው የሚይዘው አክሲዮን ነው። የራስ ካርታ የሚሰጠው የኮንዶ ሎፍት ግን በሌሎች ከተሞች፣ ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩባቸው በሚኒያፖሊስ፣ በሲያትልና በዴንቨር ጭምር፣ በአሮጌ የመጋዘን ሠፈሮች ውስጥ ይገኛል።

እንግዲህ ምን እንበለው? «ሰገነት» ዳዊት የተመላለሰበትን የቤት አናት ያስታውሳል፤ አይሆንም። «ደርብ» የትኛውም ፎቅ ነው። «መጋዘን ቤት» ታሪኩን ይዟል፣ ግን የሰማው ሁሉ ጆንያ ይፈልጋል። እኔ «ወለል ቤት» እላለሁ። ወለል የምንረግጠው ነው፤ ሎፍትም መነሻው አንድ ሙሉ ወለል ነው። በዚያ ላይ «በሩ ወለል ብሎ ተከፈተ» ስንል ሌላኛው ፍቺ ይመጣል፦ ያልተከለለ፣ ዓይን የማይታገድበት። ሁለቱም በአንድ ቃል ተገኙ። ቆጥም ሥራ አላጣም፦ ጣሪያው ረጅም ስለሆነ ብዙዎች ከማዕድ ቤቱ በላይ በመሰላል የሚወጣ የመኝታ መደብ ይሠራሉ፤ እውነተኛው ቆጥ እሱ ነው። ደላሎች ደግሞ «ሐርድ ሎፍት» እና «ሶፍት ሎፍት» ይላሉ። የመጀመሪያውን «ነባር ወለል ቤት»፣ በቅርብ ተሠርቶ የፋብሪካ መልክ የተሰጠውን ሁለተኛውን «አስመሳይ ወለል ቤት» ብለው ደላሎቹ ይቀየሙኝ ይሆናል።

ነባሩን የሚገዛ ሰው ምን እየገዛ ነው? የሕንፃው መመሥረቻ ሰነድ ሲነበብ ብዙ ጊዜ የግል የሚሆነው ከግድግዳው ውስጠኛ ገጽ ወዲህ ያለው ባዶ ቦታ ነው። ገዢውን ያማለለው ቀይ ጡብ፣ ወፍራሙ የእንጨት ምሰሶ፣ ብዙ ጊዜም መስኮቱ የጋራ ናቸው። ኖርሶቹ «አየር» ማለታቸው አልቀረም።

ጡቡ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ገንዘብ የሚበላው እሱ ነውና። የዚያ ዘመን ግንብ የተያያዘው በኖራና አሸዋ ድብልቅ ነው። ኖራው ከጡቡ ስለሚለሰልስ እርጥበት በመጋጠሚያው በኩል ይተነፍሳል። የማያውቅ ሠራተኛ መጋጠሚያውን በጠንካራ ሲሚንቶ ከደፈነው ውኃው በጡቡ በኩል መውጫ ይፈልጋል፤ ብርድ ሲመጣ በረዶ ሆኖ የጡቡን ፊት ይልጠዋል። ያንን ማስተካከል ውድ ነው፣ ወጪውም በባለቤቶቹ ላይ ይከፋፈላል። ስለዚህ ገዢ የባለቤቶቹን ማኅበር የመጠባበቂያ ገንዘብና የስብሰባ ቃለ ጉባኤ ማየት አለበት። ወርሃዊ መዋጮው አነስተኛ ነው ብሎ ደስ ብሎት የገባ ሰው በሁለተኛው ዓመት ልዩ መዋጮ ሲወርድበት፣ ያቺ የቆጡን ያማራት ሴትዮ ትታወሰኛለች።

ቅርስ የሚባለውም ሁለት ዓይነት ነው። ሕንፃው በፌዴራሉ ብሔራዊ መዝገብ ላይ መስፈሩ ብቻውን፣ በራሱ ገንዘብ የሚያድስ የግል ባለቤትን አያግድም። እጅ የሚይዘው የከተማው ደንብ ነው፤ በእሱ የተመዘገበ ሕንፃ የውጭ መስኮት ለመቀየር የቅርስ ኮሚሽን ፈቃድ ይጠይቃል። እድሳት የሚያበረታታው የ20 በመቶ የፌዴራል ግብር ቅናሽም ገቢ ለሚያስገኝ ሕንፃ እንጂ ለራስ መኖሪያ አይሰጥም።

ባንክ ደግሞ ከገዢው ኪስ አልፎ ሕንፃውን ይመረምራል። ምድር ቤቱ ምግብ ቤትና ሱቅ በሆነበት ሕንፃ የንግዱ ድርሻ ከ35 በመቶ ካለፈ፣ የቤት ብድርን ከአበዳሪዎች የሚገዛው ፋኒ ሜ ብድሩን አይቀበልም፤ አበዳሪውም ወደ ኋላ ይላል።

የመጨረሻው ጉዳይ ጆሮ ነው። በእነዚህ የእንጨት ሕንፃዎች የእኛ ጣሪያ የሆነው ሳንቃ ለላይኛው ጎረቤት ወለል ነው፤ ውበቱ እንዳይሸፈን ተብሎ ከሥሩ ምንም አይለጠፍበትም። የጎረቤት ተረከዝ ሁሉ ይሰማል። ደላላው እሑድ ጠዋት ቤቱን ላሳይ ሲል እሺ ብሎ፣ ዓርብ ማታ ደግሞ ብቻን ተመልሶ ደረጃው ላይ ጥቂት መቆም ነው።