የሱሉልታው ሳህንና የቡራዩ ልጆች

ከእንጦጦ ጀርባ፣ በወተት ላምና በድርቆሽ በሚታወቀው ሱሉልታ ላይ፣ በ1970ዎቹ መግቢያ አንድ ግዙፍ ሳህን ቆመ። የሳተላይት ምድር ጣቢያ ነው። ኢትዮጵያ ከውጭው ዓለም ጋር በሳተላይት መነጋገር የቻለችው በእሱ ነው። ገዢውም ባለቤቱም አንቀሳቃሹም መንግሥት ነበር።

ይህ በራሱ ጥፋት አልነበረም። ያኔ የህንድ ቴሌም የመንግሥት ነበር። ግን ህንድ እ.ኤ.አ. በ1984 ሲ-ዶት የተባለ የምርምር ማዕከል አቋቋመች። የራሷ መሐንዲሶች በገጠር አቧራና ሙቀት፣ ያለ አየር ማቀዝቀዣ የሚሠራ አነስተኛ የስልክ ማዞሪያ ሠሩ፤ ዲዛይኑም ለአገር ውስጥ አምራቾች ተሰጠ። ሞኖፖሊው ገበያ ሆነላቸው።

እኛ ዘንድ ሞኖፖሊው አጥር ሆነ። የአጥሩን ከፍታ ማየት የፈለገ የቴሌኮም ማጭበርበር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 761/2004ን ያንብብ። ያለ ሚኒስቴሩ ፈቃድ የቴሌኮም መሣሪያ ያመረተ፣ የገጣጠመ፣ ያስመጣ ወይም ለሽያጭ ያቀረበ ሰው ከ10 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራትና ከ100 ሺህ እስከ 150 ሺህ ብር መቀጮ ይጠብቀዋል። መሣሪያ ሲባል ደግሞ ሶፍትዌሩንም ይጨምራል። በኢንተርኔት የስልክ ጥሪ አገልግሎት መስጠት ብቻውን ከ3 እስከ 8 ዓመት ያሳስራል።

ምክንያት አልነበረውም አይባልም። የውጭ ጥሪ በጓሮ እያስገቡ የቴሌን ገቢ የሚሰልቡ ነበሩ። ችግሩ አንቀጹ እነሱንና ኪራይ ቤቱ ውስጥ ሰርኪዩት የሚበይደውን ልጅ አለመለየቱ ነው። ፈቃድ ማውጣት ለትልቅ ኩባንያ አያቅትም፤ በእነዚያው ዓመታት የቻይናው ቴክኖ እዚሁ አገር ስልክ ይገጣጥም ነበር። ብየዳ ብረት ብቻ ያለው ልጅ ግን የሚኒስቴር ደጅ ምን ይዞ ይጠናል?

ሰበታም ያው ነው። ከዚያ ተነስቶ ጅቡቲ የሚደርሰው የኤሌክትሪክ ባቡር በ2009 ሲመረቅ ሐዲዱን የዘረጉት የቻይና ኩባንያዎች ነበሩ፤ ለዓመታት ያስተዳደሩትም እነሱ ናቸው። ቴክኖሎጂ ማለት ተገዝቶ፣ ተገጥሞ፣ ሪባን የሚቆረጥለት ነገር ነበር።

ቡራዩ ላይ ነፋሱ የተለወጠ ይመስላል። መንግሥት ራሱ ከጥቂት ዓመታት በፊት እዚያ የተሰጥኦ ማበልጸጊያ ኢንስቲትዩት ከፍቶ የፈጠራ ዝንባሌ ያላቸውን ወጣቶች ይሰበስባል። በ2005 ተከሳሽ ሊሆን ይችል የነበረ ልጅ ዛሬ ቤተ ሙከራ ይሰጠዋል ማለት ነው። ትልቅ ነገር ነው። ግን የሠራውን ይዞ ከግቢው ሲወጣስ? ፈቃዱን በስንት ቀን ያገኛል? ማንስ ይገዛዋል? የሲ-ዶት መሐንዲሶች የሠሩትን የሚያመርት ፋብሪካና የሚገዛ ቴሌ ነበራቸው።